የፀጉር አስተካካዩ ፊት

እናንተ ወዳጆቼ፣ ሰው ስላልሳቀ ብቻ ልጁን ሲያጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ከአጥሬ ማዶ ካለው ቤት። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላሱ ከመቀሱ የፈጠነ፣ ደንበኛውን ሳያስቅ የማይሸኝ ሰው ነበር። ምን ዓይን እንደወጋው እንጃ፣ ቀስ በቀስ ፊቱ እንደ ግድግዳ ደርቆ ቀረ። ቀኝ እጁ ደግሞ ጭኑ ላይ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፤ መቀስ ሲይዝ ጸጥ ይላል! «ሥራ ሲያይ የሚጠፋ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ይጠጣል እንጂ!» አሉና ደንበኞቹ ሸሹት። ሱቁ ተዘጋ። ሚስቱም «አኩርፎኝ ነው» ብላ አኮረፈችው። ኤጭ! ኩርፊያ በኩርፊያ ይድናል እንዴ?

አንድያ ልጃቸው የበኩር ልጇን ታቅፋ መጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። እሱ ግን ፈገግ እንኳን አላለም። መጀመሪያም ባሏን አልወደደላትም ነበርና፣ «የጠላኸው ሰው ልጅ ስለሆነ ነው አይደል?» ብላ ሕፃኑን ነጥቃ ወጣች። ሕፃኑ ድክ ድክ እስኪል ደጃቸውን አልረገጠችም።

በመጨረሻ ሰውየው መንገድ ላይ ወደቀ። ሚስቱ እያጉረመረመች ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ እኔም ደገፍኩት። ልጅቷ ሰምታ መጣች፤ ግን በሩ ጋ ቆመች እንጂ አጠገቡ አልተቀመጠችም።

ሐኪሙ «ጣቶችዎን ያጋጩ» አለው፣ ክንዱን አጥፎ ዘረጋው፣ አስነስቶ አስኬደው፣ «ይዙሩ» አለው። ከዚያ «ፓርኪንሰን ነው» አለና ስለ ዶፓሚን ስለ ምናምን ያወርደው ጀመር።

ሚስት ደሟ ፈላ። «ኧረ ዶክተር! ደም አልወሰድክ፣ ራጅ አላነሳህ፣ ጣት አስጨፍረህ በሽታ አገኘሁ ትላለህ? እሱንም በሰው አፍ ንገረን!»

«እሺ እናቴ። ይሄ በሽታ በደም ምርመራ አይታይም፤ እንዲህ በማየትና በመጠየቅ ነው የሚታወቀው። የአንጎልን ትእዛዝ ለሰውነት የሚያደርሰው ነገር እያነሰባቸው ነው። እጃቸው ሲያርፍ የሚንቀጠቀጠው፣ ሥራ ሲይዝ ጸጥ የሚለውም ለዚያ ነው። ጨርሶ አይድንም፤ መድኃኒቱ ግን ያግዛቸዋል። ፊታቸውም ያው ነው፤ ደስታቸው ውስጣቸው አለ፣ ፊታቸው ነው አልታዘዝ ያላቸው።»

በሩ ጋ የቆመችው ልጅ ወደ አባቷ ተጠጋች። «አባዬ... ያን ቀን?»

ድምፁ እንኳን አንሶ ነበር። «ስቄልሽ ነበር እኮ የኔ ልጅ... አልታየሽም?»

አቤት የዚያን ሰዓት ለቅሶ! እናትና ልጅ እግሩ ላይ ወደቁ። እሱ ደግሞ፣ እንባው በዚያ ዝም ባለ ፊት ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ፈጣሪ የጻፈውን ማን ይፍቀዋል? ግን የልጅ ልጁን የመጀመሪያ እርምጃ ማን ይመልስለታል?

እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ሳቁ የጠፋ ሰው ካለ፣ ከማኩረፋችሁ በፊት «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።