ሰባት ቤት ያልሞላ ፍቅር

በገና ዋዜማ የእንጅባራ ብርድ አጥንት ይሰረስራል፤ የነፀደይ ቤት ግን ሞቅ ብሏል። አባቷ አቶ አድማሴ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሟቸውን የተቃጠሉ አምፖሎች በክር እያሰሩ ዘንግ ላይ ያንጠለጥላሉ። እናቷ ወይዘሮ እታለማሁ ከሥር ትሪ ያስጠጋሉ። እንግዳው የሚባለው ወጣት ደግሞ ከሥራው የተረፈውን ቀለም አቅጥኖ ከላይ ያፈስበታል። ነጩ ቀድሞ ይወርዳል፤ ቀዩና አረንጓዴው ይከተሉታል። ሲደርቅ ለጥዱ ጌጥ ይሆናል።

ፀደይ የምታየው አምፖሉን አይደለም፤ እጁን ነው።

እንግዳው የዳንግላ ልጅ ነው፤ ሙያው ቤት መቀባት። ካቻምና በክረምት እሷ የምትሠራበትን መድኃኒት ቤት ሲቀባ ጃንጥላዋ ላይ ቀለም አንጠባጠበባት።

«ሰውና ግድግዳ አትለይም?»

«ግድግዳ እንዳንቺ አይቆጣማ!» አላት ከመሰላሉ ላይ እየሳቀ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ይመጣ ጀመር። ተዋደዱ። አምና ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ብለው ዘር ሲቆጥሩ ግን የሁለቱም ሐረግ ስድስተኛው ላይ ከአንድ አያት ገጠመ። ሰባት ቢሞላ ሠርግ ነበር፤ አንድ ጎደለና ዘመድ ሆነው ቀሩ። ፊቱን እንኳ ማንም የማያውቀው፣ አፈር ከሆነ ስንት ዘመኑ የሆነ ሰው መጥቶ መካከላቸው ተቀመጠ!

አቶ አድማሴ ልጃቸውን ቢከለክሉትም ዘመድነቱን አልከለከሉትም። ጭራሽ፣ በዓል ሲመጣ እሱ ከሌለ እህል አይወርድላቸውም። ለፀደይ ግን መከራዋ ይኸው ነው፤ ወይ ወንድሜ እያሉ ማየት፣ ወይ ጨርሶ ማጣት።

«ሥጋ መርፌ ነው!» አሉ አባቷ። «ይሄን ልጅ ገና ሳየው ነው ልቤ የወደደው። ፀደይ፣ ለወንድምሽ ጨርቅ አቀብይው እንጂ!»

አቀበለችው። ጣታቸው ተነካካ። ቀለሙ አምፖሉን ስቶ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ ልብህን ወዴት ጣልከው?» ሳቁ እናቷ። «ዘንድሮስ ሚስት ልንፈልግልህ ነው!»

እንግዳው አብሯቸው ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ገናን ከቤተሰቡ ጋር ሊውል ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ተሰናበታቸው። ፀደይ እስከ አጥሩ በር ሸኘችው።

«በይ፣ ለጥምቀት እመጣለሁ» አላት።

«አትምጣ።»

በሩን ሊከፍት የዘረጋውን እጁን መለሰ።

«ባዳ ሳለህ ናፍቆትህን እችለው ነበር» አለችው። «አሁን አጠገቤ ተቀምጠህ ስትናፍቀኝ ግን አልቻልኩም። ወንድሜ ማለት አልለምድም፣ እንግዳው።»

«እኔስ የምለምድ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?»

«አንቺን የማይበት ሌላ መንገድ አጣሁ።»

እንባዋ መጣ። እሱም ቀና ሳይል ወደ መናኸሪያው ሄደ። ባጃጅ እንኳ አልያዘም።

ስትመለስ አባቷ የቀሩትን አምፖሎች ይቆጥራሉ።

«ለጥምቀት ይመጣል አይደል?»

«ሥራ በዝቶበታል፣ አባባ።»

«የምን ሥራ! አንቺ ከለመንሽው እምቢ አይልም። ደውይለት፣ እዚሁ ልስማ።»

ስልኳን አነሣች። ገና አንድ ጊዜ ሳይጠራ እንግዳው አነሣው። ፀደይ ዓይኗን ጨፈነች። አሁን ዝም ካለች ዳግም እንደማታየው አወቀች።

«ወንድሜ» አለችው። «አባባ ለጥምቀት እንዳትቀር ይሉሃል።»

ከወዲያ በኩል የሚኒባሱ ረዳት «ዳንግላ! ዳንግላ!» እያለ ሲጣራ ብቻ ተሰማ።

«እሺ» አላት በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «እሺ፣ እህቴ።»