ሳሎኑ መሐል የምትመለሰው ነጥብ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ የምስቅ፣ ዛር ነው ጠቋር ነው ሲሉኝ «እንቅልፍ አጥታችሁ ነው» የምል ደረቅ ሰው ነኝ፣ አሁንም ቢሆን አላምንም፣ ግን የሆነውን ልንገራችሁ።

ፍኖተ ሰላም ላይ የቤት ዲዛይን እሠራለሁ። ክረምት ላይ ታብሌቴ ላይ አንድ ፕሮግራም ጫንኩ፣ በእጄ የሞነጫጨርኩትን ረቂቅ ያይና «እንዲህስ ቢሆን?» እያለ አምስት ስድስት ዓይነት ሐሳብ የሚያወጣ። የጅጋዋን እማማ ጥሩዬን አሮጌ ጎጆ ልጆቻቸው አፍርሰው በብሎኬት ሊያሠሩላቸው ነው፣ እሳቸው ረቂቁን ካልወደዱት ሥራው ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ ከዚያ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

እማማ ረቂቁን ሊያዩ ሊመጡ ሁለት ሰዓት ሲቀር ሳሎኑን ሣልኩ። ፕሮግራሙ ስድስት አማራጭ አወጣ፣ በስድስቱም ሳሎኑ መሐል አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ቆሻሻ መስሎኝ ስክሪኑን በሸሚዜ ጠረግሁ፣ አጠፋኋት፣ ተመለሰች። አዲስ ገጽ ከፍቼ በሩን ወደ ሌላ ጎን አዞርኩት፣ እመኑኝ፣ ነጥቧም ከበሩ ያላትን ርቀት እንደያዘች አብራ ዞረች! ተናድጄ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት፣ ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ጠቅ፣ ጠቅ አለ፣ ነጥቧም ወፈረች። ሰደብኩት። ማሽን ይሰደባል? እኔ ሰደብኩ።

እማማ ጥሩዬ ገቡ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ይቺ ስሕተት ናት» ብዬ በጣቴ ልሸፍናት ስል እጄን ያዙኝ።

«ተው! ምሰሶዬን ማን አሳየህ?»

ቦታውን ያየሁት ተጠርጎ ሜዳ ከሆነ በኋላ ነው፣ ስለ ምሰሶ የነገረኝ ሰው የለም።

«ኸደጁ አራት እርምጃ ነበር» አሉ። «ልጆቼ ሳይጠይቁኝ ፈልጠው አነደዱት።»

ስክሪኑ ላይ ከበሩ እስከ ነጥቧ ለካሁት፣ ልክ ነው። «የብሎኬት ቤት እኮ መሐሉ ላይ ኮለን አይፈልግም እማማ፣ ጣራውን ግድግዳው ይሸከመዋል።»

«ለጣራው ነው ማን አለህ ልጄ? ባለቤቴ እስኪሞት ጀርባውን ያስደግፍ የነበረው እሱ ላይ ነው።» ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ፣ ፊታቸው በራ። «ይኸው፣ ተቀምጧል።»

እኔ ከነጥቧ ሌላ ምንም አላየሁም።

«እንዳለ ሥራው፣ እንዳታስነሣው» ብለው ሥራውን ሰጡኝ። ልጆቻቸው ሳሎን መሐል ኮለን የሚተክል ባለሙያ አየን እያሉ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው፣ ዛሬ ግንበኛው ደውሎ «ኮለኑ ቀጥኗል፣ በየት በኩል ላስፋው?» አለኝ፣ ሟቹ ሰውዬ በየት በኩል ተደግፎ እንደተቀመጠ ደግሞ አላውቅም። እማማን ጠይቄ መልሱን መስማትም ፈራሁ፣ ስልኩን ዘጋሁበት።