ትናንት የማይነሳበት ጠረጴዛ

ኦወንን የሰደበችው ታላቅ እህቱ ታቢታ ናት፤ ትናንት ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ እቤታቸው የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ሁሉ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ተሰብስበው ሳለ። ኦወን ቃል በቃል ያስታውሰዋል። ግራንት የሚባለው ረጅሙ ልጅ፣ «ወንድምሽ ተራው ሲደርስ ለምንድን ነው የማያነበው?» አላት። እሷም ፀጉሯን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ፣ «እሱማ ገና የሌዊን መጽሐፍ ነው በጣቱ እየተከተለ የሚያነበው» አለች። ሌዊ የስድስት ዓመት ወንድማቸው ነው። ግራንት ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ።

ኦወን አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ፊደል እየተደባለቀበት ሲቸገር፣ ሌሎቹ ሳይነቁ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወስዳ የምታስነብበው ታቢታ ራሷ ነበረች። «ምስጢሩ ከዚህ በር አይወጣም» ያለችውም እሷው። አምኗት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤቱ እንደወትሮው ተተራምሷል፤ የአጃው ገንፎ ይንተከተካል፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ መንትዮቹ በአንድ እርሳስ ይናጠቃሉ። እናታቸው ሕፃኗን እንዳቀፈች በአንድ እጇ ልጆቹ የሚማሩበትን የግድግዳ ሰሌዳ ጠረገች። የቤቱ ሕግ ነው፤ ሰሌዳው ከተጠረገ በኋላ የትናንት ጠብ በዚህ ጠረጴዛ አይነሳም።

«አዲስ ቀን!» አለች።

«አዲስ ቀን!» ብለው ልጆቹ ጮኹ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው ታቢታ ናት። ምን ቸገራት፣ ሕጉ በልኳ የተሰፋ ነው።

«እማ፣ ታቢታ ትናንት...»

«ኦወን፣ ጠረግሁት እኮ።»

«እኔ አልጠረግሁትም።»

መንትዮቹ እርሳሱን ለቀው አዩት።

«ውይ፣ አታካብድ እንጂ!» አለች ታቢታ። «ቀልድ ነው። ግራንት ራሱ እስካሁን ረስቶታል።»

«እሱን ለማሳቅ ብለሽ ነው የሸጥሽኝ።»

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። መጽሐፉን አንስታ ዘረጋችለት። «በል ና፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነን። ያለ እኔ ደግሞ ማን ሊያስነብብህ ነው?»

ይቺኛዋ ንግግር ከትናንቷ ባሰች፤ እውነት ነበረቻ። እናቱ ጊዜ የላትም። አባቱ ገና ሳይነጋ ለሥራ ይወጣል። እምቢ ካለ ዕድሜ ልኩን ማንበብ ሳይችል ሊቀር ይችላል።

«በቃ ይቅር በላትና ቁጭ በል» አለች እናቱ ለስለስ ብላ። «ጠዋት ጠዋት ምንድን ነው የምንለው?»

ሁሉም ጠበቁት። ኦወን መጽሐፉን ከታቢታ እጅ ወሰደ። ወንበሩን ግን አልሳበም። የጓሮውን በር ከፍቶ፣ በቀስታ ዘጋውና ብቻውን ሊያነብ ሦስተኛውን ምዕራፍ እየፈለገ ወደ ዶሮዎቹ ቤት ሄደ።

«ኦወን!» አለች እናቱ በመስኮት።

አልዞረም።