ከግማሽ የማያልፍ ጠቋሚ

ሉላ የመኪናዋን የኋላ መቀመጫ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። አልተነቃነቀም። እግሯን በሩ ላይ ደግፋ እንደገና ስትስበው ድንገት ተነቅሎ አብሯት ወደቀ።

«ቀስ በይ እንጂ! መቀመጫውንም ሰረቃችሁ ሊሉን ነው» አለ አባቷ ዓለምነው።

ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ግን አልሳቀም። መኪናዋ የሀጂ ኢስሃቅ ናት። ዓለምነው ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወደ ዶካ ሰው እያመላለሰባት ቤተሰቡን ያስተዳድራል። ትናንት ማታ ሀጂ ራሳቸው ቤንዚን ገዝተው ታንከሩን ሞሉት። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ላይ ቁልፉ ሲዞር ግን ጠቋሚው ግማሽ ላይ ቆመ። ባለፈው ጊዜም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ዛሬ ሀጂ በተሳፋሪ ሁሉ ፊት «ሀራሚ!» አሉት። ሌባ ማለታቸው ነው። «ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቁልፌን ልወስድ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ።

አባቷ ማታ መኪናዋን ደጅ አቁሞ እንደተኛ ሉላ ታውቃለች። ስለዚህ የሚዋሸው መኪናዋ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ዱላ ከትቶ ቤንዚኑን መለካት አይቻልም። ቤንዚን ከጠፋ ወዲህ በጎማ እየሳቡ የሚሰርቁ በዝተው፣ ሀጂ የመሙያውን ጉሮሮ በተጠቀለለ ሽቦ ወትፈውታል። ቤንዚን ያልፋል፤ ጎማም ሆነ ዱላ አያልፍም።

እናቷ ውዴ ከቤት ወጥታ የከሰል ምድጃዋ ላይ ውሃ ቸለሰችበት። «ተቃጥላችሁ ከማይ ምሳችሁ ቢቀር ይሻለኛል! አንች ልጅ፣ የምትሠሪውን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ እማ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

ከመቀመጫው ሥር ክብ ክዳን አለ። ከክዳኑ ሁለት የኤሌክትሪክ ገመዶች ወጥተው ሶኬት ላይ ይገናኛሉ። ሉላ አቧራውን ጠረገች።

«አባ፣ ቁልፉን አዙር፤ ሞተሩን ግን እንዳታስነሳ።»

ሶኬቱን ነቀለችው። «ጠቋሚው የት ደረሰ?»

«ወረደ። ባዶ ነው የሚለው።»

ከደብተሯ ያወጣችውን አግራፍ ዘርግታ የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች አገናኘችበት። «አሁንስ?»

«እየወጣ ነው… ግማሽ… ኧረ አለፈ! ሙሉ! ሙሉ አለ እኮ!»

«ኸላስ፣ በቃ! ጠቋሚውም ገመዱም ደህና ናቸው። የታመመው ታንከሩ ውስጥ ነው።»

«ማን አስተማረሽ ይህን?»

«የሳይንስ አስተማሪያችን በአምፖል አሳይቶን ነበር። ይኸም ያው ነው፣ ወላሂ። በል አሁን ቁልፉን አጥፋው።»

ዓለምነው በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታ። ክዳኑ ሲነሳ የቤንዚን ሽታ አፍንጫቸውን መታው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ቤንዚኑ አፉ ድረስ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል።

«አለ» አለ ዓለምነው። ድምፁ ቀጠነ። «ሁሉም እዚህ አለ።»

ከክዳኑ ጋር የተያያዘ ቀጭን ክንድ አለ፤ ጫፉ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ላይ መንሳፈፍ ነበረበት። ግን ሰምጧል። ዝገት የበላው የሽቦ ጥቅል ክንዱን ጠምጥሞ ይዞታል። ቤንዚኑ የቱንም ያህል ቢሞላ ከግማሽ በላይ አያስወጣውም።

ዓለምነው ሽቦውን ለየው። «የሀጂ ነው። የፊተኛው ሽቦ ጠፋብኝ ብለው ነበር ሁለተኛውን የከተቱት። ለካ ወደ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።»

ፒንሳውን አነሳ። «ነቅለን እንጥለውና ዕቃው አርጅቶ ነበር እንላለን።»

«ለምን?»

«ትልቅ ሰው ናቸው። በገዛ እጅዎ ነው ያበላሹት ብላቸው ደስ የሚላቸው ይመስልሻል? ሹፌር እንደሆነ ሞልቷል፣ ልጄ።»

ሉላ አባቷ ሥራ ሲያጣ ቤቱ ምን እንደሚመስል አይታዋለች። እናቷም ሰምታ ኖሮ በሩ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«ሌባ ሲሉህ ግን መናኸሪያው ሁሉ ሰምቷል» አለች ሉላ ቀስ ብላ። «እኛ ከነቀልነው ማን ያምነናል? ሁለተኛውም ሽቦ አንድ ቀን ይገባል። ያን ጊዜ ደግሞ ምን ልንል ነው?»

ዓለምነው ፒንሳውን ዝቅ አደረገው።

ሉላ ሽቦውን ሳትነካ ክዳኑን እንደነበረ መልሳ አስቀመጠችው፤ ብሎኖቹን ግን አላሰረችም። እጇን በሳሙና ታጠበች። ከዚያ የአባቷን ስልክ ከዳሽቦርዱ ላይ አነሳችና ወደ እሱ አየች። ተዪ አላላትም። ከመኪናዋ ራቅ ብላ ደወለች።

«ዓሚ ኢስሃቅ፣ የዓለምነው ልጅ ሉላ ነኝ» አለች በዓረብኛ፣ አጎቴ ብላ ጠርታቸው። «የመኪናዋ ብልሽት ተገኝቷል።»

«ምንድን ነው?»

«በስልክ አልነግርዎትም። ምንም አልነካንም። መጥተው በእጅዎ ያውጡት።»

«መጣሁ» አሉ ሀጂ።

ስልኩን ዘግታ ስትመለስ አባቷ ፒንሳውን በጨርቅ ጠራርጎ፣ እጀታውን ለሚመጣው ሰው እንዲመች ወደ ውጭ አዙሮ፣ የመኪናዋ በር ሥር አስቀምጦታል።