በጭራው የተቀመጠው አውሮፕላን

ወንበር ሰፊዋ ያን ዕለት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ወደ አሮጌው አየር ማረፊያ ስትገባ፣ አውሮፕላኑን በጭራው ተቀምጦ አገኘችው። ውሻ በቂጡ እንደሚቀመጥ አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቅሏል። ሳቋ ሊመጣ ሲል ከጭራው ሥር የወጣ ጫማ አየች። የማን ጫማ እንደሆነ ስታውቅ እሪ አለች።

ካፒቴኑ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ይህን የተጣለ የመንገደኞች አውሮፕላን ከብረት ነጋዴዎች እጅ አስጥለው፣ የአሮጌ አውሮፕላን ወዳጆች ማኅበር ያቋቋሙ ሰው። ማኅበር ይባል እንጂ ከቦታው የማይጠፉት አምስት ነበሩ፦ እሳቸው፣ ባለቤታቸው፣ የድሮ ረዳት አብራሪያቸው፣ ወሬ የማያልቅበት አንድ ፎቶ አንሺና ያረጁትን ወንበሮች እያደሰች የምትሰፋው እሷ። ቅዳሜ ቅዳሜ አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጠው፣ የትኛው አውሮፕላን የት ተጥሎ ፍየል እንደሚጠለልበት፣ የትኛው አብራሪ የደረቀ ሐይቅ ላይ እንዳረፈ ሲያወጉ ይውላሉ።

ከሁሉም የሚወደደው የካፒቴኑ የራሳቸው ታሪክ ነበር። ነዳጅ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጸጥ ሲሉ፣ መንገደኛ የሞላውን አውሮፕላን በእርሻ መሃል በሚያልፍ የመኪና መንገድ ላይ አሳርፈዋል። «ከፊቴ የነበረው የጭነት መኪና ሹፌር ፍሬቻ አብርቶ እለፍ አለኝ» ሲሉ ሁሉም ይንከተከታል፣ ከወንበር ሰፊዋ በቀር። ነዳጁን ሳይሞላ ሞልቻለሁ ብሏል ተብሎ የተባረረው ነዳጅ ቀጂ የእሷ አባት ነበር። ስሙ እንደጎደፈ ሞተ። ይህንንም የማኅበሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ ፈራች። አስከሬኑን መጀመሪያ ያገኘችው እሷ፣ ቂም አለባት የምትባለውም እሷ። ጩኸቷን ሰምተው ሌሎቹ ሲሰበሰቡ፣ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ያረፈ መሰላት።

ክሬን መጥቶ ጭራውን አነሳ፤ አፍንጫው ተመልሶ ወረደ፤ አስከሬኑም ተወሰደ። መርማሪዋ የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው። አጭር፣ ጠና ያለች ሴት ናት። ደረጃውን የወጣችው መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር።

«በሕይወቴ ተሳፍሬ አላውቅም» አለች። «ቆሞም ያስፈራኛል።»

ፎቶ አንሺው ሳይጠየቅ ያስረዳት ጀመር። ሞተሮቹ ተነቅለው ስለተሸጡ የአውሮፕላኑ ፊት ቀሏል፤ ወደኋላ እንዳይቀመጥ ተብሎ ከፊት በኩል ባለው የዕቃ ክፍል አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች ተደርድረዋል። ጆንያዎቹ ደግሞ ጢም እንዳሉ አሁንም አሉ፤ በዓይኑ አይቷል፣ ፎቶም አንስቷል። ታዲያ ጭራውን ያወረደው የጠዋቱ ነፋስ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? ካፒቴኑ እንደ አብራሪ ልማዳቸው ጠዋት ጠዋት አውሮፕላኑን ዙሪያውን እየዞሩ ይፈትሹ ስለነበር፣ ከሥሩ ሳሉ ወረደባቸው። ረዳት አብራሪውም ነፋሱን አማረሩ። የካፒቴኑ ባለቤት ግን ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወንበር ሰፊዋን አየት አደረጉና ዓይናቸውን ሰበሩ።

መርማሪዋ የዕቃ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ገብታ ቆየች። ስትወጣ ልብሷን አራገፈችና ወንበር ሰፊዋን ወደ ክንፉ ጥላ ጠራቻት። እጇ ላይ የስፖንጅ ቁራጭ ነበር።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ ነው። ለአብራሪዎቹ ወንበር ብዬ የገዛሁት።»

«የት ነው የምታስቀምጪው?»

«እዚሁ ውስጥ፣ ከቁርጥራጩ ጋር። አይቆለፍም፣ ሁላችንም እንገባለን።»

መርማሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አብዛኞቹ ጆንያዎች ውስጥ ያለው አሸዋ ሳይሆን ይኸው ስፖንጅ መሆኑን ነገረቻት። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አስጠነቀቀቻት። ከዚያ ፊቷን እያየች፣ «ካፒቴኑን ትጠያቸው ነበር?» አለቻት።

ወንበር ሰፊዋን መዋሸት አማራት፤ ግን ውሸቱን ከየት ታምጣው?

«መጀመሪያ እጠላቸው ነበር» አለች። «ሥራ ሲሰጡኝም ለገንዘቡ ብዬ ነው የመጣሁት። በኋላ ግን... አንድ ሊነግሩኝ ፈልገው የሚከብዳቸው ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቤቷ እንድትሄድ ፈቀደችላት። ይህ ይበልጥ አስፈራት። ቤቷ ገብታ ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። እናቷ የባላቸውን ውርደት ችለው የኖሩ ሴት ናቸው፤ አሁን ደግሞ ልጃቸው በካቴና ስትወሰድ ቢያዩ እንዴት ይችሉታል? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድማ ሄዳ ትከፍት ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት መርማሪዋ ሁሉንም አውሮፕላኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ለእኔ ነው የመጣው፣ አለች ወንበር ሰፊዋ በልቧ።

መርማሪዋ ቀድማ መጨረሻው ረድፍ ሄደችና ኋላ እንቀመጥ አለቻቸው። ፎቶ አንሺው እያጉረመረመ ተከተላት፤ ወንበር ሰፊዋም የካፒቴኑን ባለቤት ደግፋ ሄደች። ረዳት አብራሪው ግን ጉልበቴን ያመኛል ብለው መጀመሪያው ረድፍ ላይ ቀሩ።

«እንግዲያው ጮክ ብዬ ላውራ» አለች መርማሪዋ። «ነፋስ አይደለም። አንድ ሰው እዚህ ውስጥ አድፍጦ ቆይቶ፣ ካፒቴኑ ከጭራው ሥር ሲደርሱ ወደኋላ ተራመደ። ጭራው መሬት ሲነካ በኋላው በር ወርዶ ሄደ።»

«አንድ ሰው ይሄን ሁሉ ብረት ያወርዳል?» አለ ፎቶ አንሺው። «ያውም ጆንያው ሁሉ ቦታው ላይ እያለ?»

መርማሪዋ አልመለሰችለትም። ተነስታ የመጨረሻው ጥግ ላይ፣ ድሮ ምግብ ይዘጋጅበት የነበረው ቦታ ቆመችና ሦስቱንም ወደ እሷ ጠራቻቸው። ሄዱ። ከእግራቸው ሥር ብረቱ ሲጢጥ አለ። ወለሉ ወደኋላ ዘመመ። ወንበር ሰፊዋ የአባቷን ስም ጠርታ የካፒቴኑን ባለቤት ክንድ ጨመደደች፤ እሳቸውም የእሷን።

«ወደፊት ኑ!» ብለው ጮኹ ረዳት አብራሪው። «ጆንያው ውስጥ አሸዋ የለም፣ ትወርዳላችሁ!»

አንድ ነገር ድም አለና ወለሉ ቆመ።

«ከጭራው ሥር ግንድ አስደግፌያለሁ፤ በአንድ ሰው ብቻ እንዳይወርድም ፊት ላይ ጥቂት ክብደት ጨምሬያለሁ» አለች መርማሪዋ። ግንባሯ በላብ ተጠምቋል። «አሸዋ እንደሌለ ግን ማን ነገረዎት? ይሄ ልጅ ፎቶ ሁሉ አንስቶ ሙሉ ነው ይላል። እኔ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት።»

ረዳት አብራሪው ወደ ወንበር ሰፊዋ ጠቆሙ። «እሷ ናታ! ስፖንጁ የእሷ አይደል?»

«እኔ አሸዋ የለም መባሉን እንጂ ስፖንጅ መሆኑ ሲነገር አልሰማሁም» አለ ፎቶ አንሺው ቀስ ብሎ። ፊቱ አመድ መስሏል።

መርማሪዋ ወደፊት ተራመደችና ነገሩን ዘረዘረችው። ጆንያዎቹ ሁሉ ቢራገፉ አውሮፕላኑ ያኔውኑ በጭራው ይቀመጥ ነበር፤ ገዳዩ ግን የአንድ ሰው እርምጃ እንዲያወርደው ለክቶ ጥቂት አሸዋ አስቀርቷል። ይህ የአውሮፕላን ሚዛን ማስላት የለመደ ሰው ሥራ ነው። የቀረው ነገር ስፖንጁ ነበር።

«የጨርቅና የስፖንጅ ቁርጥራጭ አጠገቡ ተከምሮ እያለ፣ አዲሱ ስፖንጅ ነው የተቀደደው» አለች። «በገዛ ገንዘቧ የገዛችውን ሙሉ ስፖንጅ ቀድዳ ቁርጥራጩን የምትተው ሰፊ አላውቅም። የእሷ ሥራ እንዲመስል የፈለገ፣ ሙያዋን ግን የማያውቅ ሰው ነው።» ከዚያ ወደ ካፒቴኑ ባለቤት ዞረች። «የጎደለኝ ምክንያቱ ነው። እርስዎ የሚያውቁት ይመስለኛል።»

ሴትዮዋ የወንበር ሰፊዋን እጅ አልለቀቁም።

«ባለቤቴ ቅዳሜ በሁሉም ፊት ሊናገር ነበር» አሉ። «አባትሽ ጥፋት የለበትም፣ ልጄ። ነዳጁን አልሞላሁም ብሎ ለረዳት አብራሪው ነግሮታል። ባለቤቴ ይህን ያወቀው ካረፉ በኋላ ነው፤ ግን እሱም ዝም አለ። ሰሞኑን እንቅልፍ ሲያጣ ልናገር አለ። በሰው ፊት እንዳያዋርደው ብሎ ለረዳቱ ብቻ ቀድሞ ነገረው። እኔም ከሞተ በኋላ ፈራሁ። ይቅር በይኝ።»

ፖሊሱ ረዳት አብራሪውን ሊይዛቸው ሲል ወንበር ሰፊዋ በመተላለፊያው መጥታ ፊታቸው ቆመች። የምትጠይቀውን ሳትጠይቅ እንዲሄዱ አልፈለገችም።

«አባቴ ምን ነበር ያለዎት?»

አንገታቸውን ደፉ። «ትንሽ ታገሱኝ፣ ልሙላ አለኝ። ቸኩለናል፣ ይበቃል አልኩት። ለካፒቴኑ ግን ሙሉ ነው አልኩ።»

ለዚህ ነበር አባቷ የተዋረደው፤ ለአንድ ጥድፊያ። ልትሰድባቸው አፏን ከፈተች፣ ግን እንባ ቀደማት።

ሁሉም ሲወርዱ እሷ አንዱ ወንበር ላይ ቀርታ እናቷ ጋ ደወለች። ከየት እንደምትጀምር ስለጠፋት፣ «እማዬ፣ አባባ እኮ ነዳጁ አልሞላም ብሎ ነግሯቸው ነበር» ብቻ አለች።



«እኔማ አውቃለሁ» አሉ እናቷ። «ያን ዕለት ማታ ነግሮኛል። ማን አመነኝ?»