የልብስ ሰፊው ሁለት አስታማሚዎች

ልብስ ሰፊው ደም አስመልሶ፣ በስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። እግሩ ገና ከመርገጫው አልወረደም፤ ከመርፌው ስር ያልተቀመቀመ ሱሪ ተይዟል።

ሐኪሙ በመርማሪዋ ተጠርቶ ሲደርስ የሟች ታላቅ እህት በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው።

«ቀላል ነው ብለኸን ነበር እኮ» አሉት።

እውነት ነው፤ ብሎ ነበር። ሰውየው በሚስቱና በእህቱ ታጅቦ ወደ እሱ ሲመጣ ከእምብርቱ በታች በስተግራ ያለችውን ቦታ በአንድ ጣቱ ነበር የጠቆመው። ትኩሳት የለው፣ አላስመለሰው፣ የምግብ ፍላጎቱም አልተዘጋ። ሌላ ሐኪም ቢሆን ቢላውን ይስል ነበር። ባሕር ማዶ የተማረው ይህ ሐኪም ግን ሲቲ ስካን አስነሳው። ከትልቁ አንጀት ጎን፣ ዙሪያዋን ቀለበት የከበባት እንቁላል መሳይ የስብ ጉብታ ታየች።

«ከአንጀት ውጪ እንደ ዘርፍ የሚንጠለጠሉ የስብ ቁራጮች አሉ» ብሎ አስረዳው። «አንዷ ተጠማዝዛ ደም ተቋረጠባት። በራሷ ትድናለች፤ ማስታገሻ ይበቃል።»

«ዘርፉ ተጠመዘዘ ተብሎማ ጨርቁ አይቀደድም» ብሎ ልብስ ሰፊው ሳቀ።

አሁን ሐኪሙ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አለመሳሳቱን ማወቅ። ሬሳ ፊት ቆሞ ይህን መመኘቱ አሳፈረው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰማችው ሁሉ ተነፍቶ ነው የሚያልፈው። ሐኪሙን አስከትላ መጀመሪያ ወደ ሚስትየው ገባች።

«መድኃኒቱን ማን ይሰጠው ነበር?»

«እኔ ነኛ። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ አብልቼ።»

«ሐኪሙስ ሌላ ምን አለሽ?»

«ሰገራው ከጠቆረ ፈጥኜ እንዳመጣው ነገረኝ። አልጠቆረም። ቢጠቁር አይነግረኝም ነበር?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይልቅ ያቺን እህቱን ይጠይቁልኝ። እኔ ጓዳ ስገባ በጓሮ በር ሹልክ እያለች ምን ታጎርሰው እንደነበር እግዜር ይወቅ።»

እህትየው የሚኖሩት ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ጥያቄውን ሲሰሙ ቱግ አሉ።

«እኔ ወንድሜን ልግደል? ሐኪሙ ያዘዘለትን ነው የሰጠሁት። ያቺ ሴትዮ መድኃኒት ታስታውሳለች ብላችሁ ነው?»

«ሕመሙ ባሰብኝ አላለዎትም?»

«ሆዴን ቀለል አለኝ ነው ያለው።» ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። «ብቻ… ሰገራዬ ከሰል መሰለ አለኝ። ለሚስቴ እንዳትነግሪብኝ፣ አፍራለሁ አለ። እኔም መድኃኒቱ ቆሻሻውን እየጠረገልህ ነው አልኩት።»

ሐኪሙ ወደ ሚስትየው ክፍል ዞሮ አየ።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት በመጣ ጊዜ መርማሪዋ ሁሉንም በስፌት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ሚስትና እህት በየጥጋቸው ተቀመጡ። በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሁለት የክኒን እሽጎች አኖረች፤ አንዱን ከስፌት መኪናው መሳቢያ፣ ሌላውን ከሟች ትራስ ስር ነው ያገኘችው።

«የተጠማዘዘችው ስብ እየከሰመች ነበር» አለች። «የዶክተሩ ምርመራ ልክ ነው። ሰውየውን የገደለው ከጨጓራው ቁስል የፈሰሰ ደም ነው።»

ሐኪሙ የተመኘውን ቃል ሰማ። ደስታው አፉ ውስጥ መረረው።

«የእሽጎቹ ስም ይለያያል እንጂ ውስጣቸው አንድ መድኃኒት ነው» ብላ ቀጠለች። «ሚስቱ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ገዛች፣ እህቱ ከሌላው። እሱ ሁለት ዓይነት መስሎት፣ የአንዷን ቢመልስ ለሌላዋ አደላ እንዳይባል፣ ሁለቱንም ዋጠ። ይህ ክኒን ሲበዛ ጨጓራ ያቆስላል፤ ጨጓራ ሲደማ ሰገራ ይጠቁራል። የምልክቱን ትርጉም የምታውቀው ሚስቱ ነበረች። ምልክቱን የሰሙት ግን እህቱ ናቸው። እናንተ ደግሞ አትነጋገሩም።»

ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ዶክተር፣ ሁለቱን ለየብቻ ያነጋገሯቸው ለምንድን ነው?»

«አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ገባች።»

«እንደተኳረፉ ያውቁ ነበር?»

«ኮሪደሩ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው ሲቀመጡ አይቻለሁ። የቤታቸው ጉዳይ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ ብዬ…» ዓይኑን ወደ እሽጎቹ መለሰ። «ለእህትየው የመድኃኒቱን ስም ብቻ ነግሬ ሸኘኋቸው። ጨጓራ ያመው እንደሆነም አልጠየቅኩትም። ቢላ አለማንሳቴ ነበር ያኮራኝ።»

«ሆን ብሎ የገደለ የለም» አለች መርማሪዋ። «ሪፖርቴ ግን የተናገራችሁትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።»

ሚስትየው እህትየው ወደተቀመጡበት ጥግ ዞረች። «ምነው ብትነግሪኝ…» አለች፤ ቃሉ አላልቅ አላት።

እህትየው ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ቆይተው ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ። ያየኸን አንድ ቀን ነው። እኛ ነን በአንድ ግቢ እየኖርን…»

ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር።

«አንዱ ቀን ይበቃ ነበር፣ እማማ» አለ። ቀና ብሎ ግን አላያቸውም።