ባለ አንድ ነጥቡ ክዳን

«አይዞርማ! ምን አድርገሽው ነው?»

አባቷ ረጅሙን ቁልፍ በሁለት እጁ ይዞ ተንጠለጠለበት። ክራንክሻፍቱ፣ ያ የፒስቶኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ ዙር የሚለውጠው ከባድ ብረት፣ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ የለፋችበት ሞተር መቆሚያው ላይ ተገልብጦ ደርቆ ቀረ።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አጭርና ጠንካራ ስለሆነች ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ቡሎን» ይላታል፤ በስሟ የሚጠሯት አስተማሪዎቿ ብቻ ናቸው። ሁለት ሞተሮች ነበሩ፤ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዘመን፣ ቁርጥ እህትማማቾች። የአያቷ አሮጌ መኪና ሞተር ክራንክሻፍቱ ተሰንጥቋል። ከብረት ክምር ውስጥ ፈልገው ያመጡት ደግሞ ክራንክሻፍቱ ደህና ሆኖ ገላው፣ ሁሉም ነገር የሚገጠምበት ትልቁ ብረት፣ የተሰነጠቀ ነው። ደህናውን አውጥቶ የአያቷ ሞተር ላይ መግጠም ነው፤ በቃ። አባቷም «ሥራው ያንቺ ነው። ከዞረ ጋራዡ ውስጥ ቦታ አለሽ፤ ካልዞረ ደብተርሽን ይዘሽ ወደ ቤት» ብሏት ነበር።

አባቷ ባትሪ አበራና ክራንክሻፍቱን አቅፈው የያዙትን አምስት ክዳኖች አንድ በአንድ አየ። በመጋጠሚያቸው ላይ ጥፍሩን አሳለፈ። ጥፍሩ ያዘ፤ ክዳኑና ገላው እኩል አልገጠሙም።

«የዚያኛው ሞተር ክዳን እዚህ ምን ይሠራል? ክዳን ከገዛ ገላው ጋር አብሮ ነው የተቦረቦረው፤ ለሌላው ልክ አይሆንም። ስንቴ ነው የምነግርሽ?»

«እኔ አላደባለቅኩም! ለየብቻ ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳቸው። ጠዋት ለፈተና ስሄድ ቅባት በቅባት ነበሩ፤ ስመለስ ታጥበው አገኘኋቸው። እሱን ጠይቀው!»

ታላቅ ወንድሟ ጥግ ላይ ጎማ ያገላብጣል። ቀና እንኳ አላለም።

«እኔ? እኔ አልነካሁም።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ! እጁ እኮ እስካሁን ናፍጣ ናፍጣ ይላል! ከፈተና ስትመለስ ክዳኖቹ ሲያብረቀርቁ ባየች ጊዜ «ኑርልኝ የኔ ወንድም!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ነበር፤ እሱም ምስጋናውን ሳያፍር ተቀብሏል። ደሟ ፈላ።

«ውሸታም! አባዬ፣ ይዋሻል!»

«በቃ!» አባቷ ቁልፉን ወረወረው። «ያጠበቅሽው አንቺ ነሽ። ጥፋትሽን ሰው ላይ የምትለጥፊ ከሆነማ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሽም። ቱታሽን አውልቂ።»

አወለቀች። በትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ ቀረች። ቱታውን ጠቅልላ ወለሉ ላይ ጣለችውና ወጣች። ከጋራዡ ጀርባ የተከመሩትን አሮጌ ጎማዎች እስኪደክማት በእርግጫ ጠለዘቻቸው። ወንድሟ ተከትሏት መጣ።

«ቡሎንዬ፣ ለዛሬ ብቻ ቻይልኝ...»

«እንዳትጠጋኝ!»

«ባለፈው ወር ያንን ማርሽ ካበላሸሁ ጀምሮ አባዬ እንዴት እንደሚያየኝ ታውቂያለሽ። አንድ ነገር ብደግም ያባርረኛል። አንቺ ጎበዝ ተማሪ ነሽ። እኔ ከዚህ ሌላ ምን አለኝ?»

«እና እኔን አስባረርከኝ? ያውም አቅፌ ባመሰገንኩህ!»

«ሆን ብዬ አይደለማ!» እሱም ድምፁን ከፍ አደረገ። «ላግዝሽ ብዬ ነው ያጠብኳቸው። አንድ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፣ ከዚያ ምልክትሽን እያየሁ መለስኳቸው። ባለ አንድ ነጥብ እዚህ፣ ባለ አንድ ነጥብ እዚያ። ባለ ሁለት እዚህ፣ ባለ ሁለት እዚያ። የቱ የየትኛው እንደሆነ በምን ልወቅ? ጠንቋይ ነኝ?»

ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር። ነጥቦቹ ትዝ አሏት።

እውነቱን ነው። የመጀመሪያውን ሞተር ክዳኖች እንደየቦታቸው ተራ በሹሉ መምቻ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ መታች። የሁለተኛውንም ከአንድ እስከ አምስት። የሚለያቸው ጭረት እንኳ አላደረገችም፤ የትኛው ቆርቆሮ የየትኛው ሞተር እንደሆነ እሷ ታውቃለቻ! አባቷ መምቻውን የሰጣት ቀን ደግሞ «ለራስሽ ብለሽ አትምቺ። ነገ ሌላ ሰው እንደሚገጥመው አድርገሽ ምቺ» ብሏት ነበር።

ምን ዓይነት ፋራ ነኝ! አለች በሆዷ። ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም እጥፍ ሆነ። የወንድሟን ውሸት ለማጋለጥ ክዳኖቹን ማሳየት አለባት። ክዳኖቹን ካሳየች ደግሞ አባቷ መጀመሪያ የሚያየው የሷን ነጥቦች ነው። ዝም ካለች ግን ነጥቦቹን ማንም ልብ አይልም፤ ያለ ጥፋቷ የተባረረች ምስኪን ሆና ትቀራለች። ተበዳይ ሆኖ ማልቀስ ይቀል ነበር።

«እንዳትነግሪው፣ እሺ?» አለ ወንድሟ።

«ዞር በልልኝ!»

ስትገባ አባቷ ክዳኖቹን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል። ከሌላኛው ሞተር ቆርቆሮ ውስጥ ባለ አንድ ነጥቡን መዝዛ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ካለው ባለ አንድ ነጥብ ጎን ጓ አድርጋ አስቀመጠችው።

«እየው። ሁለቱንም የመታሁት እኔ ነኝ። መለያ አላደረግኩባቸውም። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።» ጣቷን ወደ በሩ ቀሰረች። «ያጠባቸው ግን እኔ አይደለሁም። የቀረውን እሱ ይንገርህ፤ አፍ አለው።»

አባቷ ሁለቱን ክዳኖች ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ወደ በሩ ዞረ። ወንድሟ እጁን በሱሪው እየጠረገ ቆሟል።

ቡሎን አልጠበቀቻቸውም። የክራንክሻፍቱን አንድ ጫፍ ያዘች፤ አባቷ ሌላውን ያዘላት፤ አውጥተው ጨርቅ ላይ አስተኙት። ዩኒፎርሟ በቅባት ጠቆረ፤ እናቷ ጉድ ትላለች። አንደኛውን ክዳን ባዶው ቦታ ላይ ገጥማ አጠበቀችና መጋጠሚያው ላይ ጥፍሯን አሳለፈች። ያዘ። ፈታችው፤ ሌላኛውን ገጠመች። ጥፍሯ ሳይደናቀፍ ተንሸራተተ።

«ይሄ የዚህ ነው» አለችና መምቻውን አንስታ ከነጥቡ አጠገብ አንድ ሰረዝ መታችበት።

«ያጠብኳቸው እኔ ነኝ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከጀርባዋ ሰማች።

«ሰማሁ» አለ አባቷ።

ቡሎን ዞር አላለችም። ገና እርር ድብን እንዳለች ነው፤ ዛሬ ይቅር የምትለውም አልመሰላትም። እጇን ግን ወደ ኋላ ዘረጋች።

«ባለ ሁለት ነጥቡን አቀብለኝ።»

«የትኛውን?» አለ ወንድሟ።

«ሁለቱንም።»